መጠይቁ ተሞላ፤ ከዚያስ?

በ2016 ቦይንግ ውስጥ አንድ የዳሰሳ ጥናት ተካሄደ። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የተጠየቁት ለየት ያለ ቦታ ያላቸው ባለሙያዎች ነበሩ። ደመወዝ የሚከፍላቸው ቦይንግ ነው። ሥራቸው ግን የአሜሪካን የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ወክለው፣ የኩባንያቸው አውሮፕላን የደኅንነት መስፈርት ማሟላቱን ማረጋገጥ ነው። ጊዜው 737 ማክስ የተባለው አዲሱ አውሮፕላን ፈቃድ ለማግኘት የሚጣደፍበት ነበር። መልስ ከሰጡት መካከል 39 በመቶው ተገቢ ያልሆነ ጫና ሊኖር እንደሚችል ይታየናል አሉ። 29 በመቶው ደግሞ ጫናውን ብናሳውቅ መዘዝ ይመጣብናል ብለው እንደሚሰጉ ገለጹ።

ይህ ቁጥር የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት የትራንስፖርት ኮሚቴ በመስከረም 2020 ባወጣው የምርመራ ሪፖርት ላይ ሰፍሯል። ሰነዱ ኮሚቴው እጅ የገባው በጥቆማ ሰጪ በኩል ነበር። በመሀሉ ሁለት ማክሶች ተከስክሰዋል። የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር በጥቅምት 2018፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ። በሁለቱ አደጋዎች 346 ሰዎች ሞቱ። ከእነሱ 157ቱ የበረራ 302 መንገደኞችና ሠራተኞች ናቸው።

በዳሰሳው ላይ በቅጡ ቢወያዩበት ኖሮ አደጋው አይደርስም ነበር ማለት አይቻልም። የአደጋው ምክንያት ብዙ ነው፤ የበረራ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌሩ፣ የዳሳሹ ነገር፣ የአብራሪዎች መመሪያ፣ የተቆጣጣሪው መላላት ሁሉ አለበት። አንድ ነገር ግን ግልጽ ነው። ኩባንያው ጠይቋል። ሠራተኛውም መልሷል። ቁጥሩ ወረቀት ላይ ነበረ። የጎደለው ከቁጥሩ በኋላ የሚመጣው ነገር ነው።

ይህ የቦይንግ ብቻ ጣጣ አይደለም። ዛሬ አዲስ አበባ ያለ ባንክም፣ የእርዳታ ድርጅትም፣ የቴክኖሎጂ ኩባንያም በዓመት አንዴ ሊንክ ልኮ "አስተያየታችሁን ስጡን" ይላል። አሥር ደቂቃ የሚፈጅ መጠይቅ ነው። ከዚያ ወር ሁለት ወር ዝም ይባላል። ከዚያ ባለቀለም ግራፍ የያዘ ፓወር ፖይንት ይመጣል። "ጥያቄ ያለው?" ይባላል። ጥያቄ ያለው የለም። ሻይ ሰዓት ላይ ግን ሁሉም ጥያቄ አለው።

"የሥራ ባህል" ስንል ምን ማለታችን ነው?

ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ከቃሉ ነው። በአማርኛ "የሥራ ባህል" ሲባል ብዙ ሰው የሚረዳው ትጋትን ነው። "የሥራ ባህላችን ገና ነው" የሚል ሰው የሚያወራው ስለ ማርፈድ፣ ስለ በዓል ብዛት፣ ሥራ ስለ መናቅ ነው። ወቀሳው ወደ ሠራተኛው የሚወረወር ነው።

የዳሰሳ ጥናቶቹ የሚጠይቁት ግን ሌላ ነገር ነው። ስሕተት ሲፈጠር ሰው ይናገራል ወይስ ይደብቃል? ዕድገት የሚሰጠው በምን ነው? አለቃው የማይወደው ሐሳብ ስብሰባ ላይ ይነሳል? አዲስ የገባ ሠራተኛ በመጀመሪያው ሳምንት "እዚህ ቤት እንዲህ አይባልም" ተብሎ የሚመከረው ምንድን ነው? በአጭሩ የተቋም ባህል ማለት መመሪያ ላይ ያልተጻፈ፣ ሁሉም ግን የሚያውቀው ደንብ ነው።

የሁለቱ ትርጉሞች መምታታት ተራ የቃላት ጉዳይ እንዳይመስል። "የሥራ ባህል ውጤታችን ዝቅ ብሏል" የሚል ሪፖርት ሲቀርብ ሥራ አስኪያጁ "ሠራተኛው ሰንፏል" ብሎ ሊሰማው ይችላል። ሠራተኛው የመለሰው ደግሞ "አንደመጥም" ብሎ ነው። በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ስብሰባ ተካሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ውይይቱ ሲጀመር ጥያቄዎቹን እንደተጻፉ ማንበብ ይበጃል። የምዕራፍ ርእሱን ሳይሆን ጥያቄውን።

ባህልን በመጠይቅ መለካት ይቻላል ወይ የሚለው ራሱ ያከራከረ ጉዳይ ነው። በዚህ መስክ ስሙ ቀድሞ የሚነሳው ኤድጋር ሻይን ባህል ሦስት እርከን አለው ይል ነበር። ላዩ ላይ የሚታየው ነው፦ ቢሮው፣ አለባበሱ፣ ልማዱ። ቀጥሎ ሰዎች "እናምንበታለን" የሚሉት። ከሁሉም በታች ማንም ልብ የማይለው፣ እንደ አየር የተለመደ ግምት። መጠይቅ ወደ ታችኛው እርከን አይደርስም ባይ ነው። ቢበዛ የሚለካው የሥራ ቦታውን የአየር ጠባይ ነው፤ ሰው ሰሞኑን ምን እንደተሰማው።

በሌላ ወገን ያሉት ደግሞ ፍጹም ባይሆንም ቁጥር ይሻላል ይላሉ። አምስት ሺህ ሠራተኛ ያለው ተቋም እያንዳንዱን ሰው ቁጭ አድርጎ ማነጋገር አይችልም። ደግሞም ሰው ፊት ለፊት የማይለውን በመጠይቅ ይላል። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። እንዲያውም ሁለቱን አንድ ላይ ካስቀመጥናቸው ውይይቱ ለምን እንደሚያስፈልግ ይታያል። መጠይቁ የት ቦታ እንደሚያም ይጠቁማል። ምን እንደሆነ የሚታወቀው ግን ሲነጋገሩበት ነው።

ቁጥሩ የሚደብቀው

"በጣም እስማማለሁ" ብሎ የሚጀምረውና "በጣም አልስማማም" ብሎ የሚጨርሰው ባለ አምስት ደረጃ ሚዛን የሬንሲስ ሊከርት ሥራ ነው። አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነበር፤ ሐሳቡን ያሳተመው በ1932 ነው። ቀላል ስለሆነ ዓለምን አዳረሰ። ቀላልነቱ ግን ያታልላል።

ስምንት ሰው ያለበት አንድ ክፍል እንውሰድ። "ሐሳቤን በነፃነት እናገራለሁ" ለሚለው አራቱ 5 ሰጡ፤ አራቱ 2 ሰጡ። አማካዩ 3.5 ነው። ሌላ ክፍል ውስጥ አራቱ 4፣ አራቱ 3 ሰጡ። አማካዩ እዚህም 3.5 ነው። ሪፖርቱ ላይ ሁለቱ ክፍሎች አንድ ናቸው። በእውነቱ ግን የመጀመሪያው ለሁለት የተከፈለ ቤት ነው። ግማሹ ያወራል፤ ግማሹ አፉን ይዟል። አማካይ ብቻ ይዞ ስብሰባ የገባ ሰው ይህን አያይም።

ትንሽ ቡድን ላይ ደግሞ መቶኛ ይዘላል። ስምንት ሰው ውስጥ አንድ ሰው ሐሳቡን ቢቀይር ውጤቱ በ12.5 ነጥብ ይለወጣል። "ከአምናው በ12 በመቶ ወርደናል" ተብሎ የሚደነገጥበት ነገር አንዳንዴ አንድ ሰው በማለዳ ታክሲ አጥቶ ተናዶ የሞላው ሊሆን ይችላል።

ከዚያ የአመላለስ ልማድ አለ። እኛ ጋ "እንዴት ነህ?" ሲባል መልሱ "ይመስገን" ነው፤ የታመመም ይላል፣ የተበደረም ይላል። ተመራማሪዎች ለቀረበ ሐሳብ ሁሉ የመስማማት ዝንባሌን እንደ አንድ የመለኪያ ስሕተት ያዩታል። ይህ ዝንባሌ ባለበት ቦታ 4 ማለት "ደህና" ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የአንድን ክፍል ውጤት ናይሮቢ ወይም ለንደን ካለ ቢሮ ጋር አስተያይቶ "በልጠናል" ማለት አደገኛ ነው።

አገርን ከአገር ማወዳደር ሲነሳ የኼርት ሆፍስቴድን ነገር ማለፍ ይከብዳል። የአገሮችን "የሥልጣን ርቀት" በነጥብ ያስቀመጠው ይህ የኔዘርላንድ ተመራማሪ ነው። የሥልጣን ርቀት ማለት ሰው አለቃና ምንዝር መበላለጣቸውን ምን ያህል እንደ ተፈጥሮ ሕግ ይቀበላል ማለት ነው። መረጃው ከየት የመጣ ይመስላችኋል? ከ1967 እስከ 1973 ድረስ ከተሞሉ የአይቢኤም የሠራተኛ መጠይቆች ነው፤ ከ100 ሺህ በላይ ነበሩ። ኢትዮጵያ በዚያ ሥራ ለብቻዋ የለችም። ከኬንያ፣ ከታንዛኒያና ከዛምቢያ ጋር "ምሥራቅ አፍሪካ" ተብላ በአንድ ተጠቅልላለች። ዛሬ ሥልጠና ላይ "የኢትዮጵያ ባህል እንዲህ ነው" ተብሎ የሚቀርበው ነጥብ ብዙ ጊዜ ከዚህ የተቀዳ ነው። የአንድ ኮምፒውተር ኩባንያ ሠራተኞች መልስ አገርን ይወክላል ወይ ብለው የተቹ ምሁራን አሉ። ትችቱ ሚዛን ይደፋል ባይ ነኝ።

"ማን ነው ይህን የጻፈው?"

ሁለት ቃላት ይምታታሉ፤ ስም የለሽና ምስጢራዊ። ስም የለሽ ማለት ማን እንደመለሰ ማንም ሊያውቅ አይችልም ማለት ነው። ምስጢራዊ ማለት አንድ ሰው ወይም አንድ ድርጅት ያውቃል፣ ግን አይናገርም ማለት ነው። በኢሜይል ለእያንዳንዱ ሰው በተናጠል የተላከ ሊንክ ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ነው። ሠራተኛው የሚሰማው ግን "ስም የለሽ ነው" ተብሎ ነው። በኋላ "እርስዎ ገና አልሞሉም" የሚል ማስታወሻ ሲደርሰው ይነቃል። ከዚያ በኋላ እውነቱን እንዲጽፍ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ትልልቆቹ ተቋማት ለዚህ ወለል ያበጃሉ። በእንግሊዝ የብሔራዊ ጤና አገልግሎት የሠራተኞች ዳሰሳ በየዓመቱ ከ2003 ጀምሮ ይካሄዳል። በ2024 ከ700 ሺህ በላይ ሰው መልሶበታል። የመለሱት በጣም ጥቂት የሆኑበት ቡድን ውጤት ግን ለብቻው አይወጣም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አምስት ሰው ባለበት ክፍል "ሴት፣ ከ10 ዓመት በላይ አገልግሎት" ከተባለ ስም መጥራት ነው የቀረው።

አማርኛ ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። በነፃ የሚጻፈው አስተያየት ውስጥ ፊደሉ ያጋልጣል። "ሥራ"ን ሁልጊዜ በንጉሡ ሠ የሚጽፍ ሰው በክፍሉ ውስጥ አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሁሉን በአንድ ሀ የሚጨርሰውም ይታወቃል። እንግሊዝኛ ቀላቅሎ የሚጽፈውም እንዲሁ። አስተያየቶቹን እንዳሉ ስክሪን ላይ መለጠፍ ጸሐፊዎቹን እንደ መጥራት ነው። ሐሳቡን ጨምቆ በሌላ ሰው ቃል ማቅረብ ይሻላል።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን አውጥታለች። አሠሪዎች የሠራተኛን መልስ ማን እንደሚያይ፣ የት እንደሚቀመጥ፣ እስከ መቼ እንደሚቆይ ከዚህ በኋላ ለራሳቸውም ሲሉ አስቀድመው ማሰብ አለባቸው።

ተሰብስቦ መነጋገር ከየት መጣ?

ውጤቱን ለሠራተኛው መልሶ ሰጥቶ የማወያየት ዘዴ የተወለደው ዲትሮይት ነው። በ1948 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዲትሮይት ኤዲሰን በተባለ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ሰፊ የሠራተኛ ዳሰሳ አካሄዱ። የማዕከሉ መሪ ሊከርት ነበር፤ ባለ ሚዛኑ ሰውዬ። የማወያየቱን ሥራ የመራው ፍሎይድ ማን የተባለ ባልደረባው ነው። ፍሎይድ ማን ያስተዋለው ነገር ቀላል ነው። ሪፖርት ለአለቆች ተሰጥቶ ሲቀር ብዙም አይለወጥም። አለቃው ከቅርብ ሠራተኞቹ ጋር ቁጭ ብሎ የራሳቸውን ቁጥር ሲያዩትና ሲፈቱት ግን ለውጥ ይታያል። አንዳንድ የሒሳብ ክፍሎች ውይይቱን ሲያካሂዱ ሌሎቹ አላካሄዱም። ቆይቶ እንደገና ሲጠየቁ የሠራተኛው አመለካከት ይበልጥ የተሻሻለው በተወያዩት ዘንድ ነበር።

ጥናቱ በአንድ ኩባንያ ጥቂት ክፍሎች ላይ የተሠራ ነው። ከዚያ ተነስቶ ሁሉም ቦታ ይሠራል ማለት አይገባም። ዘዴው ለምን እንደሠራ ግን መረዳት አይከብድም። አለቃው ሲያብራራ ሠራተኛው ሰሚ ነው። ሠራተኛው ራሱ "ይህ 2.8 የመጣው በምን ይመስላችኋል?" ተብሎ ሲጠየቅ ተንታኝ ይሆናል። የገዛ ሥራውን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ደግሞም "እኔ ብቻ ነኝ እንዲህ የሚሰማኝ" ብሎ ያሰበ ሰው፣ ከስምንቱ አምስቱ እንደሱ መመለሳቸውን ሲያይ አፉ ይላቀቃል።

አፍ እንዲላቀቅ የሚያደርገው ነገር ስም አለው፤ ሥነ ልቦናዊ ደኅንነት ይባላል። ሰው ቢጠይቅ፣ ቢሳሳት፣ ቢቃወም እንደማይዋረድና እንደማይቀጣ ሲተማመን ማለት ነው። ተመራማሪዋ ኤሚ ኤድመንድሰን በ1999 ባሳተመችው ጥናት ጽንሰ ሐሳቡን አስፋፋችው። ከዚያ ቀደም ሆስፒታሎች ውስጥ የመድኃኒት አሰጣጥ ስሕተትን ስታጠና የገጠማት ነገር ግራ የሚያጋባ ነበር። ጥሩ የሚባሉት ቡድኖች ብዙ ስሕተት አስመዝግበው ተገኙ። የበለጠ ስለሚሳሳቱ ነው? ይልቅ የበለጠ ስለሚናገሩ መሆኑ ታያት።

ይህ ነጥብ ለውጤት አንባቢ ትልቅ ትርጉም አለው። ውጤቱ ከዓመት ዓመት ሲወርድ ሁልጊዜ መጥፎ ምልክት አይደለም። አምና ፈርቶ 5 የሞላ ሰው ዘንድሮ ደፍሮ 3 ሞልቶ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው ሁሉም ጥያቄ ላይ 4.8 ያገኘ ክፍል ሲያጋጥም ከማጨብጨብ በፊት ቀስ ማለት ጥሩ ነው።

የግምገማ ጥላ

እስካሁን ያልነው የየትኛውም አገር ነገር ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን "በውጤቱ ላይ በቡድን እንወያይ" የሚለው ዓረፍተ ነገር ባዶ ጆሮ ላይ አያርፍም። ታሪክ አለው።

በደርግ ዘመን መሥሪያ ቤቶች የውይይት ክበብ ነበራቸው። ስሙ ውይይት ነው፤ ይዘቱ የፖለቲካ ትምህርት ነበር። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ግምገማ መጣ። በትጥቅ ትግሉ ጊዜ በሕወሓት ውስጥ የዳበረ አሠራር ነው። ሂስና ግለ ሂስ ይባላል፤ ሰው ራሱን ይተቻል፣ ሌሎችም ይተቹታል። ከበረሃ ወደ ከተማ ሲገባ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ወደ ቀበሌ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ ዘለቀ። በ2009 ዓ.ም. "ጥልቅ ተሃድሶ" ሲባልም ዋናው መሣሪያ ያው ነበር።

ግምገማን የሚደግፉ ሰዎች የሚሉት አላቸው። አለቃ ሳይቀር በምንዝሩ ፊት የሚጠየቅበት መድረክ ነው፤ "ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ" ለሚል አገር ይህ ቀላል አይደለም ይላሉ። ተቺዎቹ ደግሞ ቂም መወጫ ሆነ ይላሉ። ማን እንደሚመታ አስቀድሞ ተወስኖ፣ መድረኩ ማስፈጸሚያ ይሆናል። ሰው የማያምንበትን ጥፋት አምኖ ይወጣል። ሁለቱም በየቦታው የታየ ይመስለኛል። ለጉዳያችን የሚጠቅመው ግን ግምገማ በሰዎች ላይ የተወው ልማድ ነው። ስብሰባ ላይ ችግር ሲነሳ ዓይን ሁሉ ሰው ፍለጋ ይሄዳል። "ችግሩ ምንድን ነው?" ሳይሆን "ችግሩ ማን ነው?" ይሆናል።

የዳሰሳ ውይይት ከዚህ የሚለየው በመነሻው ነው። ግምገማ የሚነሳው ከሰው ነው፤ ስም ጠርቶ ይጀምራል። የዳሰሳ ውይይት የሚነሳው ከጥያቄ ነው። "መረጃ በጊዜው አይደርሰኝም" ያሉት ስድስት ሰዎች ናቸው። የትኛው መረጃ? ከየት ሲመጣ ነው የሚዘገየው? ባለፈው ወር መቼ አጋጠመን? እንዲህ ሲጠየቅ ወሬው ወደ አሠራር ይሄዳል። ምናልባት ደብዳቤ በሦስት ሰው ፊርማ ስለሚያልፍ ይሆናል። ምናልባት ቴሌግራም ግሩፑ ውስጥ የሌሉ ሰዎች ስላሉ ይሆናል። ማንም ሳይዋረድ የሚፈታ ነገር ነው።

አንዳንዴ ግን ችግሩ በእርግጥ ሰው ነው። የሚሳደብ አለቃ፣ የሚያንገላታ ኃላፊ። ወይም ከዚያ የከፋ፤ ወሲባዊ ትንኮሳ። ይህን የቡድን ውይይት አይሸከመውም፤ መሸከምም የለበትም። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ፣ ቁጥር 1156፣ ወሲባዊ ትንኮሳን በግልጽ ይከለክላል። እንዲህ ያለ ነገር በአስተያየት መስጫው ከታየ ወደ ቅሬታ ሰሚ ወይም ወደ ሕግ መንገድ መሄድ አለበት። ስምንት ሰው ፊት ማንሳት ተጎጂውን እንደገና መጉዳት ነው። አንዳንድ የሥልጠና መመሪያዎች "ሁሉንም በግልጽ ተወያዩ" ሲሉ ይህን መስመር ሳያሰምሩ ያልፉታል።

አለቃው ይምራው ወይስ ይውጣ?

እዚህ ላይ ባለሙያዎች አይስማሙም። የፍሎይድ ማን ዘዴ አለቃው እንዲመራው ይፈልጋል። ምክንያቱ፣ በኋላ የሚለውጠው እሱ ስለሆነ ነው። በሌለበት የተባለውን በወረቀት ቢያነብ ስድብ ይመስለዋል። በቦታው ሆኖ ሲሰማ ግን የሰዎቹን ፊት ያያል፤ ሳይዘጋጅበት መጠየቅም ይችላል።

ሌሎች ደግሞ የውጭ አወያይ ይግባ ይላሉ። በተለይ ውጤቱ ራሱ ስለ አለቃው ከሆነ። "አለቃዬ ያዳምጠኛል" የሚለው 2.1 ያመጣበት ሰው ያንኑ ጥያቄ ፊት ለፊት አወያይ ቢባል መልሱ ይታወቃል፤ ዝምታ። ወይም "ኧረ ጥሩ ነው፣ ምንም ችግር የለም።"

እኔ ሚዛኑ የሚደፋው በውጤቱ ዓይነት ነው እላለሁ። ጉዳዩ ስለ አሠራር ከሆነ አለቃው ይምራ። ጉዳዩ ስለ እሱ ከሆነ የመጀመሪያውን ሰዓት ሌላ ሰው ይያዝለት፤ እሱ በሁለተኛው ይግባና የተጨመቀውን ይስማ። በሁለቱም ግን አንድ ነገር አይቀየርም። እሱ መጨረሻ ይናገር። የኛ ስብሰባ ሥርዓት ትልቁን ሰው ያስቀድማል። ትልቁ ሰው "እንደኔ እንደኔ ችግሩ የኢንተርኔት ነው" ካለ፣ የሌላው ሁሉ ሐሳብ ስለ ኢንተርኔት ይሆናል። በ"እርስዎ" የሚጠራን ሰው በ"ግን" መመለስ ቀላል አይደለም።

ቀላል የሚመስል ግን የሚሠራ ዘዴ አለ። ሰዎች መጀመሪያ ለብቻቸው ወረቀት ላይ ይጽፋሉ፤ ከዚያ ሁለት ሁለት ሆነው ይነጋገራሉ፤ ከዚያ ነው ወደ ትልቁ ክብ የሚመጣው። ጥንዶቹ "እኛ ያነሳነው" ብለው ሲናገሩ ሐሳቡ የአንድ ሰው መሆኑ ይቀራል። ስብሰባ ላይ ድምፁ የማይሰማው የጽዳት ሠራተኛ ወይም አዲሷ ጀማሪ በዚህ መንገድ ሐሳቧ ጠረጴዛው ላይ ይደርሳል።

ጥያቄም መምረጥ ያስፈልጋል። 50 ጥያቄ ያለውን ሪፖርት ገጽ በገጽ ማንበብ ገለጻ ነው፤ ውይይት አይደለም። ሁለት ወይም ሦስት በቂ ነው። ዝቅተኞቹ ብቻ መሆን የለባቸውም። ሰዎቹ ለሁለት የተከፈሉበት ጥያቄ ብዙ ጊዜ ከዝቅተኛው የበለጠ ያወራል።

ከዚያ የሚመጣው ክፍል ለአለቃ ከባዱ ነው፤ መልስ መስጠት። የተነሳው ነገር አንዳንዱ በቡድኑ እጅ ነው፤ ነገ ሊቀየር ይችላል። አንዳንዱ ወደ ላይ መሄድ አለበት። አንዳንዱ ደግሞ አይሆንም። ደመወዝ የተነሳ እንደሆነ የክፍል ኃላፊ የደመወዝ ስኬሉን አይነካውም። "ይህ ከእኔ በላይ ነው፤ ለእነ እገሌ አቀርባለሁ፤ በወሩ መጨረሻ መልሱን፣ እምቢ ቢሉም እንኳ፣ እነግራችኋለሁ" ማለት ይችላል። ሠራተኛው የሚያስታውሰው ያንን የወር መጨረሻ ነው።

ጠይቆ ዝም ማለት ዋጋው ስንት ነው?

አንዱ መከራከሪያ "ካልተወያየንበትም ምንም አይጎዳም፤ ቢያንስ መረጃ ሰብስበናል" የሚል ነው። ይህ ትክክል አይመስልም። መጠየቅ ራሱ ቃል መግባት ነው። ጠይቆ ዝም ያለ ተቋም ካልጠየቀው የባሰ ነገር አስተምሯል፤ መናገር ዋጋ እንደሌለው። በቀጣዩ ዓመት የሚሞላው ሰው ይቀንሳል። የሚሞሉትም ሁሉንም 4 እያሉ ያልፉታል፤ ቶሎ እንዲያልቅ። "የመጠይቅ ድካም" የሚባለው ብዙ ጊዜ ከጥያቄ ብዛት ይልቅ ከመልስ እጦት የሚመጣ ነው የሚል ክርክር አለ።

የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የሠራተኞች ዳሰሳ፣ በ2002 የተጀመረው፣ ይህን ስጋት ራሱ ጥያቄ አድርጎታል። "የዚህ ዳሰሳ ውጤት መሥሪያ ቤቴን የተሻለ የሥራ ቦታ ለማድረግ ይውላል ብዬ አምናለሁ" የሚል ዓረፍተ ነገር ነበረው፤ ሠራተኛው መስማማቱን ወይም አለመስማማቱን ይመልስ ነበር። ብልህ ጥያቄ ነው። ያው ዳሰሳ በ2025 እንደማይካሄድ የመንግሥቱ የሠራተኞች አስተዳደር መሥሪያ ቤት ሲያስታውቅ ብዙ ክርክር ተነስቶ ነበር።

ሌላው አደጋ ከተቃራኒው ወገን ይመጣል፤ ውጤቱን ከልክ በላይ ማክበር። ኩባንያው "ከ4.2 በላይ ያመጣ ኃላፊ ቦነስ ያገኛል" ካለ ቁጥሩ ይወጣል። ባህሉ ግን አይለወጥም። መጠይቁ ከመላኩ በፊት ባለው ሳምንት ምሳ ግብዣ ይበዛል። አንዳንዱ ኃላፊ "እባካችሁ እንዳታሳፍሩኝ" ይላል። መለኪያ ግብ ሲሆን መለኪያነቱን ያጣል የሚለው ሐሳብ የእንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ባለሙያ ቻርልስ ጉድሃርት ነው። በ1975 ስለ ገንዘብ ፖሊሲ ነበር ያነሳው፤ የሥራ ቦታ ላይም እንደልኩ ይሠራል።

ወደ ቦይንግ እንመለስ። ከሁለቱ አደጋዎች በኋላ የአሜሪካ ምክር ቤት ባወጣው ሕግ መሠረት የኩባንያውን የደኅንነት ባህል የሚመረምር የባለሙያዎች ቡድን ተቋቋመ። ሪፖርቱ በየካቲት 2024 ወጣ፤ የአላስካ ኤርላይንስ ማክስ በር መድፈኛ አየር ላይ ተገንጥሎ ከወደቀ ከሁለት ወር ባልበለጠ ጊዜ። ቡድኑ በከፍተኛ አመራሩና በተቀረው ሠራተኛ መካከል ስለ ደኅንነት ባህል ክፍተት እንዳለ ጻፈ። ስጋት ሲኖር የት እንደሚነገር፣ የተናገረ ሰው ምን እንደሚገጥመው ሠራተኛው ግራ ገብቶታል አለ።

ቡድኑ ሥራውን ሲሠራ ከ4,000 ገጽ በላይ ሰነድ አገላብጧል። ሰባት ዳሰሳዎችንም ተመልክቷል፤ ቦይንግ መጠይቅ አልጎደለውም። ከዚያ ሁሉ ወረቀት ጋር ደግሞ ስድስት የኩባንያው ቦታዎች ሄዶ ሠራተኞቹን አገኘ፤ ከ250 በላይ ቃለ መጠይቅም አደረገ።